ታጥቦ የሚለካ ደመወዝ

የእኅቴ ባል እናቱ ያወጡለት ደኅና ስም ነበረው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። ሠፈሩ ሁሉ «ብርዱ» ይለው ነበር። ፊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሳቁ ከሰላምታው የሚቀድም ሰው ነበር። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ጠጋኝ ነበረ። በሙቀቱ ወራት የትልልቅ ሕንጻዎች ጣራ ላይ ወጥቶ እነዚያን የሚያጓሩ ማሽኖች ሲያክም ይውላል፤ ቅዝቃዜው ሲገባ ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ ከማሞቂያው ጋር ይታገላል። «ሰው ሲሞቀው ይጠራኛል፣ ሲበርደው ይጠራኛል፤ ሲመቸው ግን ይረሳኛል» ይል ነበር። ይህን ሲል ቅሬታ የለበትም። መረሳቱን እንደ ምስክር ወረቀት ነበር የሚያየው።

እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ሚጢጢ» ይለኛል። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ልማር ብዬ እነሱ ዘንድ ስገባ ቁመቴ ከትከሻው አይደርስም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። በመስኮቱ ሥር የእኅቴ፣ የእትዬ፣ የስፌት መኪና፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ አንድ አሮጌ ፍሪጅ። የፍሪጁ በር አልገጥም ካለ ቆይቷልና እትዬ ከቀሚስ ወገብ በተረፈ ላስቲክ ዙሪያውን አስራው ነበር። ወተት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ላስቲኩን መፍታት አለበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የጠጋኝ ቤት ፍሪጅ ይህ ነው?» ብሎ ይሳለቃል፤ ጋሼም «የሐኪም ልጅ ሲያስል ሰምታችሁ አታውቁም?» ብሎ ያልፈዋል። ጊዜ ሳገኝ እሠራዋለሁ እንዳለ፣ ጊዜ አላገኘም።

ጊዜውን ምን እንደበላው ለመናገር ከአባታችን፣ ከአባባ፣ መጀመር ይኖርብኛል።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በክንድና በስንዝር ሲለኩ ስለኖሩ ነገርንም የሚወዱት ተለክቶ ሲቀርብላቸው ነው። ጋሼ እትዬን ለማግባት ሊጠይቅ የመጣ ዕለት፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ «ልጄ፣ ደመወዝህ ስንት ነው?» አሉት። እሱም አንዲት ቁጥር ተናገረ። አባባ ቁጥሯን እንደ ሱሪ ቁመት ሁለት ጊዜ ደገሟት።

«ከዚህ ውስጥ ልጄ እጅ የሚገባው ስንቱ ነው?»

«ሁሉም፣ አባባ። ሳትጎድል እጇ ላይ አኖራታለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አባባ መለኪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ነገሩ አለቀ ማለታቸው ነበር። ይህን ታሪክ በቤታችን የማያውቅ አልነበረም፤ አባባ ካረፉም በኋላ እትዬ ደስ ሲላት ድምፃቸውን እያስመሰለች ትተርክልን ነበር።

ጋሼም ቃሉን ጠበቀ። የጠጋኝ ገቢ እንደ አየሩ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ የትርፍ ሰዓቱ ይበዛና ፖስታው ይወፍራል፣ አየሩ ሲለሰልስ ይከሳል። ከዚያች ከተነገረችው ቁጥር ግን ዝቅ ብሎ አያውቅም። ደመወዝ ሲጨመርለትም ቁጥሯን አስተካክሎ ለእትዬ ይነግራታል፤ በወሩ መጨረሻም ልክ የነገራትን ያህል ያመጣል። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደመወዝ የሚቀበልበት ቀን ሁልጊዜ አምሽቶ ይገባል። ሌላው ሠራተኛ በዚያ ቀን በጊዜ ቤቱ ሲገባ፣ ጋሼ መብራት ከበራ በኋላ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ እጁን ታጥቦ ይመጣል። ፖስታውን የስፌት መኪናው ላይ ያኖረዋል።

«ሥራ በዛ?» ትለዋለች እትዬ።

«በዛ» ይላል።

ከዚህ የበለጠ አይነጋገሩም። እሷም ገንዘቡን በፊቱ አትቆጥርም፤ ቃሉን መቁጠር ይመስላት ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ አንድ የማጓጓዣ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት አፌን እንደ ሕፃን አሹዬ ነው ቤት የገባሁት። እትዬ የተማሪ ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

«ጎድሏል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ደመወዜ። ሲቀጥሩኝ የነገሩኝ ሌላ፣ የሰጡኝ ሌላ። ገንዘብ ያዡን ብጠይቀው ‹የሥራ ግብር ነው፣ የጡረታ ነው፣ እንኳን ደኅና መጣሽ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«አዲስ ስለሆንሽ ይሆናል።»

«ለአዲስም ለአሮጌም ነው አለኝ። ደመወዝተኛ ከሆንሽ እጅሽ ሳይገባ ከሥሩ ይቆረጣል። የቀረው ነው ያንቺ።»

እትዬ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። መኪናው ዝም አለ። «ከጋሼሽ ግን አይቆረጥም» አለች።

«ከሁሉም ነው የሚቆረጠው፣ እትዬ።»

«ከእሱ አይቆረጥም ስልሽ። በእኔ እጅ ነው የሚገባው፤ አውቃለሁ።»

እንዲህ አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጥቂት እንደሄደች ግን ክሩ ተበጠሰባት። አስገብታው እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተበጠሰ። ያኔ ሁለታችንም አንድ ነገር ትዝ አለን።

በዚያው ሳምንት ጋሼ እራት ላይ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ሲያወራ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የመዳብ ቱቦ እየጠፋ ነው ብሎን ነበር። ማቀዝቀዣ ያለ መዳብ አይሠራም፤ መዳብ ደግሞ የትም ይሸጣል። ሌባው ስላልታወቀ ዘበኞቹ የሠራተኛውን ሁሉ ቦርሳ በር ላይ ይፈትሹ ጀመር። ጋሼ ይህን እየሳቀ ነበር የነገረን። «ጠጋኙ ሁሉ እንደ ሙሽራ እየተፈተሸ ይወጣል» ብሎ።

እትዬ ለብዙ ቀናት ጉዳዩን አላነሣችውም። አንድ ቀን ልብስ ስንዘረጋ፣ በአንሶላው ወዲያ ማዶ ሆና፣ ፊቷ ሳይታየኝ ጠየቀችኝ።

«ከእሱም የሚቆረጥ ከሆነ ከየት ይሞላል?»

«ለምን አትጠይቂውም?»

«ጠይቄው ቢዋሸኝስ?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እውነቱን ቢነግረኝስ?»

አንሶላውን አስተካከለች። «ሌላ ሴት ብትኖረው ይሻለኝ ነበር። ሴት ተሟግተው ያስለቅቋታል። ሌባ የሚል ስም በምን ይታጠባል?»

«እትዬ ሙች፣ ሴት ብትኖረው ገንዘቡ ይጎድላል እንጂ እንዴት ይሞላል?»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ሰውየው እንደሚወዳት አልተጠራጠረችም። የጨነቃት ያገባችው ሰውና ፖስታውን የሚያመጣው ሰው አንድ መሆን አለመሆናቸው ነበር። ይህን ሳታውቅ የሚቀጥለውን ፖስታ ልትቀበል አልፈለገችም።

ስለዚህ ደመወዝ ቀን ሲደርስ ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ ሄደን ተቀመጥን። እትዬ የፀሐይ መነጽር የላት፣ ጥላ የላት፤ የምትደበቅበት ብታጣ የእኔን ጋዜጣ ዘርግታ ያዘች። ማንበብ እንደማትወድ ጋሼ ስለሚያውቅ ቢያያት ወዲያው ይለያት ነበር።

ሠራተኛው እየተፈተሸ ወጣ። ጋሼም ተራው ደረሰ። ዘበኛው ቦርሳውን ከፍቶ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የዘይት ጨርቅ እያወጣ ደረደረ። እትዬ ጋዜጣውን ጨብጣ ቀደደችው። በመጨረሻ ዘበኛው አንድ ቁራጭ ሳሙና ያለባት ቆርቆሮ አወጣ።

«ዛሬም ሳሙና፣ ብርዱ? ማንን ልታጥብ ነው?»

«አንተን፤ አፍህን» አለው ጋሼ። ተሳሳቁ። ዕቃውን መልሶ ወደ ውጭ ወጣ።

መዳብ አልነበረም። እትዬ በረዥሙ ተነፈሰች። ወዲያው ግን፣ «ሳሙና ምን ያደርግለታል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ጋሼ በቤታችን መንገድ አልሄደም፤ ወደ ገበያው ታጠፈ። እኛም ከኋላው። አካሄዱ እንደ ሐኪም ነበር። የወተት ሱቁ በራፍ ላይ ያለችውን ፍሪጅ ጎኗን በመዳፉ ዳሰሳት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ለባለሱቁ ራሱን ነቅንቆ ሰላም ብሎ አለፈ። ፋርማሲው ጋ ቆሞ ሁለት ቃል ተነጋገረ። ከዚያ የአበባ ሱቅ ገባና ከመጋረጃው ኋላ ጠፋ።

«አበባ» አለች እትዬ። «ኮቱ ላይ አበባ አበባ ይሸተኛል። ስንት ጊዜ። የሳሙናው ነው እያልኩ።»

«እንመለስ?»

«እዚህ ድረስ መጥቼ?»

ገባን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ባልዲ፣ በየባልዲው አበባ፣ ወለሉ እርጥብ። መካከል ላይ አንዲት ወፍራም አሮጊት እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ካልሲ ይጠግናሉ። ቀና ብለው አዩን።

«ለሠርግ ነው ለኀዘን?»

«ገና አልለየም» አለቻቸው እትዬ።

አሮጊቷ መልሱ ግራ አጋብቷቸው ሳሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አበባው የሚቀመጥበት ትልቁ የብርጭቆ ማቀዝቀዣ ካለበት፣ የጋሼ ድምፅ መጣ። ከወለል ላይ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ባለፈው ማን ነው የነካው?»

«አንድ ሰውዬ ነው፤ አንተ ጣራ ላይ ነህ ሲሉኝ። ጋዝ ሞልቶልኝ ሄደ። ብዙም አልፈጀበት።»

«ለዚህ ነዋ ዛሬ ባዶ የሆነው።»

«አንተም ሙላልኝና ሂድ፣ ልጄ። አበባዬ ሊጠወልግ ነው።»

«ቀዳዳውን ሳላገኝ አልሞላም፣ እማማ። የተቀደደ ኪስ ውስጥ ሳንቲም መጨመር ነው። እስቲ ያቺን የሳሙና ውኃ ያቀብሉኝ።»

ያኔ ሳሙናው ገባኝ። ጋዝ ሲያመልጥ አይታይም፤ ቱቦው ላይ የሳሙና ውኃ ሲቀቡት ግን በሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። አሮጊቷ «ወይኔ ወገቤ» እያሉ ሊነሡ ሲሞክሩ እትዬ በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው። ቆርቆሮዋን አነሣች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ጎንበስ ብላ አቀበለች።

ከማቀዝቀዣው ሥር ሁለት እግር ብቻ ነበር የሚታየው። አንድ እጅ ወጥቶ ቆርቆሮዋን ያዘ። ከዚያ ቆመ። እትዬ የእጇ አንጓ ላይ በካውያ የተቃጠለች ጠባሳ አላት፤ እንደ ጨረቃ ግማሽ ናት። ከሥር ሆኖ የሚያየው ያቺን ጠባሳ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለ፣ በቀስታ።

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሳሙና ውኃ አቀብላለሁ። ቀጥል።»

ጋሼም፣ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ፣ ቀጠለ። ብሩሹ ቱቦው ላይ ሲሄድ ይሰማናል። «ይኸው፣ አረፋ» አለ በመጨረሻ። ቱቦውን አጥብቆ፣ እንደገና ቀብቶ፣ አረፋው መቆሙን አይቶ፣ እየተጎተተ ወጣ። ፀጉሩ ላይ የደረቀ ቅጠል ነበረበት። እኔን ሲያይ «ሚጢጢም አለሽ?» አለ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ባለቤትህ ናት?» አሉ አሮጊቷ። «ይህን ያህል ዓመት ስትመላለስ አንድ ቀን አታመጣትም? እኔ እኮ ወንደላጤ መስለኸኝ የእኅቴን ልጅ ላጭልህ ነበር።»

«ስንት ዓመት ሆነው፣ እማማ?» አለች እትዬ።

«ኧረ ይህ ሱቅ እኔን ሳይለምድ እሱን ነው የለመደው። ደመወዝ የሚቀበል ዕለት ይመጣል። እኔ ጋ ብልሽት ባይኖር ወተት ሱቁ፣ እዚያ ባይኖር ፋርማሲው። ‹የጎደለኝን ልሙላ› ይላል። ምን እንደሚጎድለው ነግሮኝ አያውቅም።»

እትዬ አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ምንድን ነው የሚጎድልህ?»

ጋሼ እጁን በጨርቁ ጠረገ። የጠረገውን እንደገና ጠረገ።

«አባባ ደመወዜን ሲጠይቁኝ ገና የቅጥር ውሌን መፈረሜ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ከአምስት እጅ አንዱ የለም። ለገንዘብ ያዡ ‹ሰው ነክቶብኛል› ስለው ‹አዎ፣ መንግሥት ነው፤ ክሰሰው› አለኝ። ሠርጋችን ቀኑ ተቆርጧል። እውነቱን ልናገር ደጃችሁ ድረስ መጣሁ። በመስኮት ሳይ አባባ ያንቺን የሠርግ ቀሚስ ይለካሉ። ‹አባባ፣ ያልኩት ሐሰት ነው፣ ያንሳል› ብዬ እንዴት ልግባ? ተመለስኩ። መንገድ ላይ የወተት ሱቁ ፍሪጅ ቆሞ ባለቤቱ ራሱን ይዞ ሲጮኽ አገኘሁት። ሠራሁለት። የሰጠኝ ከጎደለኝ ጋር ልክ መጣ። ለአንድ ወር ብዬ ነበር።»

«ለአንድ ወር።»

«ከዚያ ሁለተኛው ወር መጣ።»

አሮጊቷ ካልሲያቸውን ትተው ያዳምጣሉ። እትዬ፣ «ጭማሪ ሲሰጡህስ?» አለች።

«ጭማሪ ሲመጣ ግብሩም አብሮ ያድጋል። ትርፍ ሰዓት ብሠራ ከዚያም ይነሣለታል። እኔ ደግሞ የነገርኩሽ ሁልጊዜ ከላይ ያለውን ነው። ከፍ ባልኩ ቁጥር ጥላዬ እየረዘመ ሄደ።»

«መዳብ ትሰርቃለህ ብዬ ነበር» አለችው።

ጋሼ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ተነሣ። «እኔ?»

«ምን ላስብ? ከሰው ሁሉ የሚቆረጥ ካንተ ብቻ የማይቆረጥ። በዚያ ላይ ታመሻለህ። በዚያ ላይ እጅህን ታጥበህ ትገባለህ።»

ተቀይሞ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እውነትሽን ነው። በላቤ ያመጣሁትን እንደ ሌባ ተደብቄ ሳስገባ ኖርኩ። አንቺ ምን ታድርጊ።»

አሮጊቷ ከጉያቸው ገንዘብ አውጥተው ሰጡት። ጋሼ ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ ከኪሱ ፖስታውን አውጥቶ ሊጨምርበት ሲል እትዬ እጁን ያዘችው።

«ያኛው ደመወዝህ ነው። ይሄኛው የዛሬ ሥራህ ነው። አትደባልቃቸው።»

ስንወጣ አሮጊቷ ሁለት ዘለላ አበባ ለእትዬ አስታቀፏት። «አሁን ለየ?» አሏት። «ለየ፣ እማማ» አለች።

በመንገድ ላይ እሱ በመካከላችን ሄደ። እትዬ አበባውን በአንድ ክንዷ አቅፋ ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ አዲስ ጨርቅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ውኃ ውስጥ ይነክሩታል።»

«ለምን?»

«ሳይታጠብ የተለካ ጨርቅ ኋላ ያጥራል።»

«ሰማህ?» አለችው። «ጨርቁን ሁሉ አጥበው ይለካሉ፤ አንተን ግን ሳትታጠብ ለኩህ። ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ነው።»

ጋሼ መሳቅም ማልቀስም ቃጣው። «ቃል ነበር እኮ» አለ።

«ቃሉን የሰጠኸው ለአባባ ነው። እሳቸው ደግሞ ያረፉት ባንተ ኮርተው ነው። ከእንግዲህ የምለካህ እኔ ነኝ።» ትንሽ ሄድን። «ደግሞስ ቀዳዳውን ሳላገኝ አልሞላም ስትል የሰማሁህ አንተን አይደል?»

«ይሄ ቀዳዳ አይደፈንማ፤ የመንግሥት ነው። መንገዱም የመንገዱም መብራት ከዚያ ነው ይላሉ።»

ሦስታችንም ቀና አልን። ከላያችን ያለው የመንገዱ አምፖል ተቃጥሏል።

«ይሄኛው ካንተ የተቆረጠው ሳይሆን አይቀርም» አለች እትዬ።

በዚያ ወር ቤታችን እንደገና ተለካ። እትዬ አንዳንዱን ነገር አሳጠረች፤ አንዳንዱን ለሚቀጥለው አሳደረች፤ የሁለት ትምህርት ቤት ቀሚስም ጨምራ ተቀበለች። እኔም ከደመወዜ ድርሻዬን ላዋጣ ስል ጋሼ ተቆጣ። የጽሕፈት ትምህርቴ የተከፈለው ከዚያው ከወተት ሱቁና ከአበባ ሱቁ መሆኑን ያኔ ነበር ያወቅሁት፤ እሱ ግን ያንን ማንሣት አልወደደም።

«ሚጢጢ ልጅ ናት» አለ።

«ልጅ ግብር አይከፍልም» አለችው እትዬ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ ደመወዝ ቀን ደረሰ። ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ሳለች የጋሼ ኮቴ በግቢው ተሰማ። ጎረቤታችን ልብሷን እያጠበች ነበር።

«ብርዱ፣ አሞህ ነው ወይስ አባረሩህ?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አላት።

ገባና ፖስታውን የስፌት መኪናው ላይ አኖረው። ቀጭን ነበር። ቆሞ ቀረ፤ እንደ ተማሪ። እትዬ መርፌዋን ሰካች፣ ፖስታውን ከፈተች፣ በትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቱ፣ ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። ስትጨርስ ትንሽ አሰበች።

«ልክ ነው» አለች።

ጋሼ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ በዚያ ሰዓት እጁ ሥራ ለምዷል። ቤቱንም በዚያ ብርሃን አይቶት አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ቆይቶ ከበሩ ኋላ አረፈ።

«ይሄ ፍሪጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የታሰረው?»

እኔና እትዬ ተያየን። «አንተ ጊዜ ስታገኝ ብለኸው ነበር» አለችው።

ላስቲኩን ፈታ። ባዶውን ፖስታ አንሥቶ በሩ ላይ አኖረና ዘጋበት፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ ሳበው። ፖስታው ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ወጣ። «ቅዝቃዜውም የሚወጣው እንዲህ ነው» አለ። የበሩ ጎማ ከዕድሜ ብዛት ተጨማድዶ ኖሯል። ሙቀት ካገኘ ግን መልኩን እንደሚይዝ ነገረን።

«ሙቀት ነው የሚፈልገው?» አለች እትዬ። ተነሥታ ካውያዋን አሞቀች፣ እርጥብ ጨርቅ ጎማው ላይ ዘረጋች፣ እንደ ኮት ክሳድ አድርጋ በእንፋሎት ትዳስሰው ጀመር። እሱ ጎማውን በጣቱ እየሳበ ያቃናል፤ እሷ ትከተለዋለች። «ቀስ፣ እንዳታቃጥዪው» ይላታል። «ካውያ ልታስተምረኝ ነው?» ትለዋለች። በእንፋሎቱ ውስጥ ፊታቸው ተቀራርቦ ነበር።

ሲጨርሱ ጋሼ ያንኑ ፖስታ በሩ መካከል አድርጎ ዘጋው። ሳበው። አልመጣም። እትዬም ሳበችው፤ አልመጣም። ፍሪጁ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

«ያዘ» አለ ጋሼ።

እትዬ ላስቲኩን ከወለሉ አንሥታ፣ በክንዷ ለክታ፣ የተማሪዋ ቀሚስ ወገብ ላይ ሰፋችው። ፖስታው ግን እዚያው እንደተነከሰ ቆየ፤ ወተት እስክንፈልግ ድረስ ማንም አልነካውም።